ጭነቱና መልእክተኛው

አንባቢዎቼ ሆይ! በስልካችሁ ዘፈን ስትሰሙ ወይም ፊልም ስትመለከቱ፥ ድምፁ ከየት ተነሥቶ፥ በማን እጅ አልፎ ከጆሯችሁ እንደሚደርስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? አብዛኛው ሰው አይጠይቅም፤ አለመጠየቁም አያስነቅፈውም። እኔ ግን እዚህ በሰቆጣ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ስሆን፥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋር የዋግን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ድምፅ በመቅዳት ሥራ ስለ ተጠመድሁ፥ ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ደኅና አድርጌ ለማወቅ ተገድጃለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ መንገድ ነው። «ይህስ የኮምፒዩተር ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት እለምናችኋለሁ። የኮምፒዩተር ነገር መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የአንድ ሰው ቃል ሳይጎድልና ሳይጨመርበት ከሌላ ሰው ዘንድ የሚደርስበትም ነገር ነው።

በመጀመሪያ የምንቀዳውን ልንገራችሁ። በዋግ ኽምራ አማርኛም ኽምጣናም ይነገራል። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የኦስትሪያው ሊቅ ሌዎ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለዚህ ቋንቋ ጥናት አሳትሟል፤ ከ100 ዓመት በኋላም እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰዋስውን ነገር ጽፎበታል። የሁለቱም ድካም ምስጋና ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ ብዕር የቃሉን ፊደል እንጂ የተናጋሪውን እስትንፋስ አይዝም። ዛሬ በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ይህን ይይዛል። እኛም ተረቱን፥ እንቆቅልሹንና የእርሻውን ዘፈን በስልክ እንቀዳለን፤ ከዚያም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ከፋፍለን እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል እናስቀምጣለን። ይህን የምናደርገው አንድ ተማሪ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ እየሰማ እንዲጽፈውና ወደ አማርኛ እንዲመልሰው ነው።

ችግራችን ነፋስ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጨዋወት የሚወዱት ከቤት ውስጥ ሳይሆን ከደጅ፥ ከድንጋይ አጥር ሥር ወይም ከዛፍ ጥላ ነው፤ የደጋው ነፋስ ደግሞ ለስልክ ምሕረት የለውም። እንግዲህ ነፋሱን ከንግግሩ የሚለይልን መሣሪያ መፈለግ ግድ ሆነብን፤ በዚህም ምክንያት ጂስትሪመር ከሚባለው ሥራ ጋር ተዋወቅን።

ጂስትሪመር ኤሪክ ዋልቲንሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው፥ 1.0 የተባለው እትሙም በመስከረም 2005 ዓ.ም. የወጣ፥ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። እርሱ ራሱ ዘፈን ማጫወቻ አይደለም፤ ማጫወቻዎች የሚሠሩበት መንገድ ነው ቢባል ይሻላል። በመንገዱ ላይ እያንዳንዱን ሥራ የሚሠሩት ፕለጊን የሚባሉት ናቸው፤ አንዱ ፋይሉን ያነባል፥ አንዱ የተጨመቀውን ይፈታል፥ አንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፥ የመጨረሻው ለድምፅ ማጉያው ያስረክባል። የጎደለ ሥራ ያለ እንደ ሆነ ማንም ሰው የራሱን ፕለጊን ጽፎ ከመካከል ማስገባት ይችላል።

ነገሩን በአገራችን ነገር ላስረዳ። ሰቆጣ በቀደመው ዘመን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባትና የሚሸጥባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። የሲራራ ነጋዴ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። አጋሰሱ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ በጠባብ መንገድ ይመጣል፤ በየስፍራው ኬላ አለ፤ ጭነቱ ከኬላው ደርሶ ይታያል፥ ከዚያም ያልፋል። በጂስትሪመር መንገድ ጭነቱ ድምፁ ነው፤ ጭነቱን የተሸከመው አጋሰስ ባፈር ይባላል፤ ፕለጊኑም ኬላው ነው። (ጠንቅቄ ልናገር ያልሁ እንደ ሆነ ፕለጊን አንድ ወይም ብዙ ኬላ በውስጡ የያዘ ፋይል ነው፤ ኬላው ራሱ ኤለመንት ይባላል። ነገር ግን ጨዋታችን እንዳይከብድ ሁለቱን አንድ አድርጌ እናገራለሁ።) የእኛ ስልክ የድምፁን ልክ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ልክ 2 ባይት ስለሚይዝ የአንድ ሴኮንድ ንግግር 96,000 ባይት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ጥቂት በጥቂት በባፈር እየተጫነ ይመጣል፤ በእያንዳንዱም ባፈር ላይ የሚሰማበት ጊዜ በናኖሴኮንድ፥ ማለት ሴኮንዱ በ1,000,000,000 ተከፍሎ፥ ተጽፎበታል።

ይሁን እንጂ በሲራራው መካከል ጭነት የሌለው፥ ወሬ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰውም አለ። ይህ በጂስትሪመር ቋንቋ ኢቨንት ይባላል፤ እኔ መልእክተኛው እለዋለሁ። ከጭነቱ አስቀድመው ሦስት መልእክተኞች ማለፍ አለባቸው። የመጀመሪያው ስትሪም ስታርት «አዲስ ጉዞ ተጀምሯል» ይላል። ሁለተኛው ካፕስ «የሚመጣው ጭነት እንዲህ ያለ ነው፤ በሴኮንድ 48,000፥ ባለ አንድ መስመር ድምፅ» ይላል። ሦስተኛው ሴግመንት የጊዜውን ቁጥር ከየት ጀምራችሁ እንደምትቆጥሩ ያስታውቃል። ታግ የሚባለው ደግሞ ርእሱን፥ የተናጋሪውን ስም፥ ቋንቋውን ይዞ ይመጣል። በመጨረሻ ኢኦኤስ ይደርስና «ጭነቱ አለቀ፤ ከኋላዬ ማንም የለም» ይላል።

ስለዚህ ፕለጊን የሚጽፍ ሰው ሁለት ክፍል መጻፍ አለበት። ጭነት ሲደርስ የሚጠራው ክፍል ቼይን ይባላል፤ መልእክተኛ ሲደርስ የሚጠራው የኢቨንት ክፍል ነው። እንደ እኔ አስተያየት የአብዛኛው ጸሐፊ ልብ ያለው ከቼይኑ ላይ ነው። ሂሳቡ ያለው ከዚያ ነው፤ ዕውቀቱ የሚታየው ከዚያ ነው፤ ሰው «እንዴት ያለ ብልህ ነው!» የሚለውም ስለዚያ ነው። መልእክተኛውን ግን እንደ ተላላኪ ልጅ ይቆጥረዋል። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ፥ እንዲህ ተደርጎ የተቆጠረ መልእክተኛ ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው።

ነፋሱን ለማጥፋት በመጀመሪያ የተጠቀምንበት ፕለጊን አንድ ሰው ጽፎ ለሁሉ የለቀቀው ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በነጻ የሰጠን ሰው ነውና። ይህ ፕለጊን ነፋሱን ከንግግሩ ለመለየት የአንድ ሴኮንድ ድምፅ ሙሉ እስኪሆንለት ድረስ ያጠራቅማል፤ ሲሞላለት ያጠራውና ያሳልፋል። ማጥራቱስ በእውነት ያስደንቃል፤ የነፋሱ ጩኸት ጠፍቶ የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን ቁልጭ ብሎ ቀረ። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያም ኽምጣና የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሆነ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደችና፦

— ቲቸር፥ አባባ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፤ አለችኝ።

— እንዴት አልጨረሱትም? አጠገባቸው ተቀምጠን ሰምተናቸው የለም?

— እዚህ ውስጥ ግን ጅቡ አህያዪቱን ምን እንዳደረጋት የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኽምጣና እንደ አማርኛ ሁሉ ግሱን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያኖረዋል። «ጅቡም አህያዪቱን» ካሉ በኋላ በላት ይሁን፥ ማራት ይሁን፥ ተሸክሟት ሄደ ይሁን የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። የዚህ ዓረፍተ ነገር ርዝመት 4.6 ሴኮንድ ነበር። ፕለጊኑ አራቱን ሴኮንድ በየተራ አጥርቶ አሳለፈ፤ የቀረው 0.6 ሴኮንድ፥ ማለት 28,800 ልክ፥ ሙሉ ሴኮንድ ስላልሆነ ከእጁ እንደ ያዘው ሌላ እስኪጨመርለት ይጠብቃል። ሌላ ግን አልመጣም፤ የመጣው ኢኦኤስ ነው። የኢቨንቱ ክፍል ኢኦኤስን ዝም ብሎ አሳለፈው። መንገዱ ተዘጋ፤ በእጅ የነበረውም ከዚያው ቀረ። የሌሎቹን ፋይሎች ብንመረምር እንዲሁ ሆነው አገኘናቸው። ርዝመቱ በሙሉ ሴኮንድ ካለቀለት ጥቂት በቀር ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጫፉ ተቆርጧል። ግስ የሌለው ተረት! እንዲህ ያለ ነገር በሰዋስው ክፍል ለፈተና ቢሰጥ እንጂ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ አይደለም።

መድኃኒቱ ለመናገር ቀላል ነው። ኢኦኤስ ሲደርስ ወዲያው አታሳልፈው፤ ከበሩ አቁመውና መጀመሪያ በእጅህ ያለውን አስረክብ። ሙሉ ሴኮንድ ካልሆነ የጎደለውን በዜሮ፥ ማለት በዝምታ፥ ሞልተህ አጥራው፤ ካጠራህ በኋላ የጨመርኸውን ዝምታ ከጫፉ ቁረጥና እውነተኛውን 28,800 ልክ ብቻ አሳልፍ። ከዚያ በኋላ ኢኦኤስ ይሂድ። ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ አይሆንም፤ ከወዲያ ያለው ኬላ «ጭነቱ አለቀ» የሚለውን ቃል አንዴ ከሰማ በኋላ የሚመጣለትን ባፈር አይቀበልምና።

ሁለተኛውን ጉድለት ያገኘነው ዘግይተን ነው። ከጠሩት ፋይሎች ውስጥ የተናጋሪዎቹ ስም ጠፍቷል። በየፋይሉ የማን ድምፅ እንደ ሆነ፥ የት ቀበሌ እንደ ተቀዳ በታግ ጽፈንበት ነበር፤ ከፕለጊኑ ወዲህ ያለው ታግ ሁሉ አለ፤ ከፕለጊኑ ወዲያ ግን ምንም የለም። ጸሐፊው የሚያውቃቸውን መልእክተኞች፥ ማለት ካፕስን፥ ሴግመንትን፥ የመሳሰሉትን፥ ያሳልፋል፤ የማያውቀውን ግን ይጥላል። በየመሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ለእናንተ ክፍል የማይመለከት ደብዳቤ ከጠረጴዛችሁ ቢመጣ ለሚመለከተው ትመሩታላችሁ እንጂ ቀዳችሁ አትጥሉትም። አባሪውን አሳልፎ ሸኚ ደብዳቤውን የሚያስቀር ሹም ቢኖር፥ ወረቀቱ የደረሰው ሰው ከማን እንደ መጣና ስለ ምን እንደ ሆነ በምን ያውቃል? በጂስትሪመር ዘንድ የማያውቁትን መልእክተኛ በተለመደው መንገድ የሚያሳልፍ የተዘጋጀ ክፍል አለ፤ ጸሐፊው ከመጨረሻ አንዲት መስመር ጨምሮ እርሱን መጥራት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህች አንዲት መስመር በመቅረቷ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ባለቤት የሌለው ድምፅ ሆኖ ነበር።

በዚህ ጊዜ ፕለጊኑን እንደ ገና እንጻፈው ብለን ተነሣን። የማጥራቱን ሂሳብ እንዳለ ወሰድነው፤ የኢቨንቱን ክፍል ግን ከሥሩ ጻፍነው። ከሁሉም ይልቅ ያከራከረን ፍለሽ የሚባለው ነገር ነው።

ሰው ድምፅ እየሰማ ሳለ ጣቱን ወደ ፊት አንሸራትቶ ከመካከል ልስማ ቢል፥ ሲክ የሚባል መልእክተኛ ከመጨረሻው ኬላ ተነሥቶ ሲራራውን እየተቃወመ ወደ ኋላ፥ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ምንጩም ይህን ሲሰማ ፍለሽ ስታርትን ይልካል። ይህ መልእክተኛ ከሰልፉ ገብቶ ተራ አይጠብቅም፤ በሰልፉ ጎን እየሮጠ ያልፋል። ተራ ልጠብቅ ቢልማ ኖሮ መንገዱ በጭነት ተዘግቶ የቆመ ሊሆን ስለሚችል ከቶ አይደርስም ነበር። ከእርሱ በኋላ ፍለሽ ስቶፕ በተራው ይመጣል፤ ከዚያም አዲስ ሴግመንት፥ ከዚያም አዲስ ጭነት።

አንዱ ተማሪዬ ጎበዝ ነው፤ «ከኢኦኤስ እንደ ተማርነው እዚህም በእጃችን ያለውን አስረክበን እናሳልፈው» አለ። ነገሩ ቅን ይመስላል፤ ግን ተቃራኒው ነው። በእጅ ያለው 0.6 ሴኮንድ ሰሚው ትቶት የሄደው የቀድሞው ስፍራ ድምፅ ነው። ከአዲሱ ስፍራ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቢሞላ፥ የአንዱ ዓረፍተ ነገር ራስ ከሌላው ጅራት ጋር ይገጠምና ሽማግሌው ያላሉትን ያሉ ያስመስላል። በተረት ቢሆን ያስቃል ይሆናል። የርስት ጉዳይ ወይም የሽምግልና ቃል ተቀድቶ ቢሆንስ? ስለዚህ ኢኦኤስ ሲመጣ አስረክብ፤ ፍለሽ ሲመጣ ጣል። ቃል መቁረጥ ክፉ ነው፤ በሰው አፍ ቃል መጨመር ግን ከዚያ የባሰ ይመስለኛል፤ የተቆረጠውን ያቺ ልጅ እንዳወቀችው ጆሮ ያለው ያውቀዋል፤ የተጨመረውን ግን ማንም ላያውቀው ይችላልና።

ወደ ኋላ ስለሚሄድ መልእክተኛ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ ነበር፤ ሁላችንም «ፕላዝማ» እንለዋለን። ከእናንተም ብዙዎቹ በእርሱ ፊት ተቀምጣችኋል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው ፈጥኖ ሲናገር ተማሪው «እባክህ ቀስ በል» የሚልበት መንገድ አልነበረውም፤ በክፍሉ ያለው አስተማሪም ሊያስቆመው አይችልም። ጭነቱ ይመጣል፤ ወደ ላይ የሚላክ መልእክተኛ ግን የለም። በጂስትሪመር እንዲህ አይደለም። ከመጨረሻ ያለው ኬላ ጭነቱ እየዘገየበት ቢቸገር ኪውኦኤስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ኋላ ልኮ «ዘግይተናል፤ አንዳንዱን ዝለል» ይላል። ከመካከል የተቀመጠ ፕለጊን የራሱን ሥራ ብቻ እያየ እንዲህ ያለውን መልእክተኛ መንገድ ቢዘጋበት፥ ያለ ጥርጥር ሌላ ፕላዝማ ሠራ ማለት ነው።

ስለ ጭነቱም አንድ ነገር ብቻ ላክል። እኛ ድምፁን በሁለት መንገድ እንከፍለዋለን፤ ቲ የሚባለው ኤለመንት አንዱን ወደ ማጥሪያው፥ አንዱን እንደ ተቀዳ ወደሚቀመጥበት ይመራዋል። ነገር ግን ቲ ባፈሩን ሁለት አያደርገውም፤ ያው አንዱ ባፈር በሁለት ባለቤት እጅ ይሆናል። ማጥሪያው ሳይጠይቅ እዚያው ላይ ቢሰርዝና ቢደልዝ የሌላውንም አበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ከመንካት አስቀድሞ ባፈሩ የብቻው መሆኑን ማረጋገጥ፥ ካልሆነም ግልባጭ ማስወጣት ያስፈልጋል። ነፋሱም ቢሆን አንድ ቀን ለሚያጠና ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ፥ እንደ ተቀዳ የሚቀመጠው እንዳይነካ አጥብቄ እይዛለሁ።

አዲሱን ፕለጊን የፈተንነው በመቁጠር ነው። በመግቢያው በር የገባውን ልክ ቆጠርን፤ በመውጫው የወጣውን ቆጠርን። ለዚያ ለጅቡና ለአህያዪቱ ዓረፍተ ነገር የገባው 220,800፥ የወጣውም 220,800 ሆነ። ያቺ ተማሪ ሰምታ ሳቀች፤ ጅቡ አህያዪቱን ምን እንዳደረጋት ግን ለእኔ የነገረችኝ ጽፋ ከተረጎመችው በኋላ ነው።

አሁን የያዝነው የቪዲዮ ሥራ ነው፤ ባልቴቶቹ በኽምጣና ሲተርቱ ከሥር አማርኛው በጽሑፍ እንዲታይ። እዚህ ደግሞ ሌላ መልእክተኛ አስፈለገን። የሥር ጽሑፍ እንደ ድምፅ አይጎርፍም፤ አንድ መስመር ይመጣና ለብዙ ጊዜ ምንም አይመጣም። ሁለቱን አገናኝቶ በአንድ ፋይል የሚያስገባው ኬላ ጽሑፉን እየጠበቀ ድምፁንም ሥዕሉንም ያቆማቸዋል። ጋፕ የሚባለው መልእክተኛ «ከዚህ ጊዜ እስከዚህ ጊዜ ጭነት የለም፤ አትጠብቁ» ይላል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ይከፈታል።

አንዲት እናት ተረታቸውን ከመካከል አቁመው ቡናው እስኪፈላ 40 ሴኮንድ ያህል ዝም ብለዋል። ተማሪዎቹ «ይቆረጥ» ብለው ነበር፤ እኔ እንቢ አልሁ። በዚያ ስፍራ ጋፕ አስገባንበት። ከሥር ምንም ጽሑፍ የለም፤ ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማል፥ ሲኒው ይንኳኳል፥ ከዚያም እርሳቸው ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።